ዘይት ሻጯ ያንሾካሾከችው

ጠጋ በሉማ። አሁንም ትንሽ። ጋራዥ ያሉት ልጆች እንዲሰሙኝ አልፈልግም፤ እንጀራችን የተያያዘ ነው።

የምሠራው ሆሳዕና ነው። የሞተር ሳይክል መለዋወጫና ዘይት እሸጣለሁ። ከባንኮኒው ፊት የሚወራውና ከባንኮኒው ጀርባ የሚወራው ለየቅል ነው። ፊት ለፊት የሚቆመው ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «እህቴ፣ ዘይቱን በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይረው?» እኔ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «በ1,000» እላለሁ። መካኒኩም «በ1,000» ይላል። ማዶ ያለው ባለ ሱቅም እንዲሁ። ቁጭ ብለን ተማክረን አይደለም። ሦስታችንም የምናውቀው፣ ለደንበኛ ግን የማንናገረው አንድ ነገር ስላለ ነው።

እሱን አሁን አልነግራችሁም። መጀመሪያ መጽሐፉ የሚለውን ስሙ።

አዎ፣ መጽሐፍ አለው። አዲስ ሞተር ሳይክል ሲገዛ አብሮ ይሰጣል፤ ከላስቲኩ ሳይወጣ ቁም ሣጥን ይገባል፤ በዚያው ይረሳል። ገልጦ ያየ ሰው ግን ይገረማል። እንደ ሞዴሉ ቢለያይም አብዛኞቹ አምራቾች የሚሉት ይቀራረባል፦ የመጀመሪያው ቅያሪ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን በየ3,000፣ አንዳንዱም በየ5,000ና በየ6,000። የመጀመሪያው የሚቸኩለው አዲስ ብረት ከብረት ሲላመድ የሚረግፈውን ብናኝ ለማውጣት ነው። ሌላው ግን 3,000! «ታዲያ እስከ ዛሬ ስትበሉን ነበራ!» ልትሉኝ ነው አይደል?

ቆይ፣ አትፍረዱብን። እዚያው መጽሐፍ ላይ ማንም የማያነባት መስመር አለች። አቧራ ከበዛ፣ ጭነት ከከበደ፣ ጉዞው አጭር አጭር ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ ትላለች። አቧራ፣ ጭነት፣ አጭር ጉዞ። ጸሐፊው አንድ ቀን ከሆሳዕና መናኸሪያ ሦስት ሆኖ ተጭኖ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ድረስ የሄደ ነው የሚመስለው።

ኑሯችንን እዩታ። አንድ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ላይ ሞተረኛው፣ እናትየው፣ ልጅየው፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ከረጢት ድንች። የዶዮገናና የአንጋጫን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ይወጣል። በሌላ በኩል ከሶሮና ከጎምቦራ ወደ ጊቤ ቆላ መውረድ አለ፤ ታች ያለው ሙቀት ሌላ ነው፣ ሲመለሱ ደግሞ ያ ሁሉ አቀበት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው ጎማውን ነው እንጂ ሞተሩን አይደለም። በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት ስትወጡ ቆጣሪው አንድ ኪሎ ሜትር ሲል ሞተሩ በአስፋልት ሁለት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚዞረውን ያህል ዞሯል። ቆጣሪው አያውቅም። ዘይቱ ግን ያውቃል።

ሌላም ሹክ ልበላችሁ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሳስቷል። ካርቡራቶሩ ግን ብዙ ጊዜ የተለካው ለዝቅተኛ አገር ነው። አየር ሲያንስ የቤንዚኑ ድርሻ ይበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል፤ ዘይቱም ይቀጥናል። ጠዋት በብርዱ ቾክ ስባችሁ፣ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ፣ ሰው አውርዳችሁ ስታጠፉ ደግሞ ይብሳል። ቤንዚኑም እርጥበቱም ተንኖ እንዲወጣ ሞተሩ በደንብ መጋል አለበት። የእኛ ከተማ ጉዞ ደግሞ ሞተሩ ሳይግል ያልቃል።

አሁን ስለ ዘይቱ ራሱ። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው አብዛኛው ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው። የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሊትር በላይ ይይዛል፤ ያውም ዘይቱ የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው፣ ካምቢዮው የራሱ አለው። የሞተር ሳይክሉ አንድ ሊትር ግን ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። የማርሹ ጥርስ ይፈጨዋል፣ ከፍሪሲዮኑ የሚረግፈው ትቢያ ይገባበታል፣ የፒስተኑ እሳት ያበስለዋል። ምስኪን።

ያውም ማጣሪያው! የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ያወጣው በታዳጊ አገሮች ሰው ጥገና እንደማይወድ አይቶ፣ ቸልተኝነትን የሚችል እንዲሆን አስቦ ነው። ብዙዎቹ የቻይና 125ና 150 ሲሲ ሞተሮች የዚያ ልጆች ናቸው። እነዚህ እንደ መኪና የሚቀየር የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። ያላቸው የሽቦ ወንፊትና በሽክርክሪት ቆሻሻውን ወደ ጎን የሚወረውር ጎድጓዳ ነገር ነው። ደቃቁ ብናኝ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ዘይቱ ሲፈስስ።

እሺ፣ ለ1,000ው ሚስጥር ደረስን። ሦስታችን የምናውቀው ነገር ምን መሰላችሁ? የሚቀዳላችሁ ዘይት ምን እንደሆነ እርግጠኛ አለመሆናችን ነው!

አትሳቁ። ገበያው ውስጥ ከበርሜል በሊትር የሚቀዳ ዘይት አለ። ለከባድ መኪና የመጣ ይሆናል፣ የተቀላቀለ ይሆናል፣ ጥሩም ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ለዚህ ዘይት 3,000 ብሎ ስሙን አያስይዝም። 1,000 ካለ ግን ዘይቱ መናኛ ቢሆንም ሞተሩ በእሱ እጅ አይሞትም። 1,000 የሞተሩ ቁጥር አይደለም፤ የጥርጣሬያችን ቁጥር ነው። እኔም ቶሎ ቶሎ ስትመጡልኝ አልከፋኝም፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን ቀይሩት። «በስንት?» ከማለታችሁ በፊት «ምን?» በሉ። የታሸገውን አንሡና ጀርባውን አንብቡ። ለእኛ አየር አንዳንድ የህንድ ሞተሮች የሚጠይቁት 20 ደብልዩ 50 ነው፤ የእናንተን ከመጽሐፉ አረጋግጡ። ከዚያ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል ምልክት ፈልጉ። ይህ ዘይቱ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ የጃፓኖች መለኪያ ነው። «ኤም ቢ» ካለ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለማይነከር ስኩተር ነው፤ ለእናንተ አይሆንም።

እዚህ ላይ የምታስቀኝ ነገር አለች። አንዳንዱ ሞተሩን ስለሚወደው ለአዲስ መኪና የተሠራውን ውዱን ቀጭን ዘይት ይገዛለታል። ያ ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ የሚያንሸራትት ቅመም ገብቶበታል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ሥራው አለመንሸራተት ነው! ሳምንት ሳይቆይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተለውም። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ ከርካሹ የባሰ ውጤት።

ጠርሙሱ ራሱ ሌላ ጉድ አለው። ባዶው የዘይት ጀሪካን ገዢ እንዳለው ታውቃላችሁ? ለምን የሚገዛ ይመስላችኋል? ሁሉም ለውሃ መቅጃ አይደለም። ስለዚህ የክዳኑ ቀለበት ሲከፈት «ቀጭ» ብሎ መላቀቁን እዩ፣ ሥሩ ያለውን ሽፋን እዩ፣ ዘይቱ ዓይናችሁ እያየ ይቀዳ። ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም በሚስማር ብሱት። ሻጩ ቅር ካለው ምክንያቱን ገምቱ።

አሁን ደግሞ ትልቁን ልንገራችሁ። ጋራዥ ደጃፍ ሞተራቸው ወርዶ የምናያቸው ሁሉ ዘይት መቀየር የረሱ አይምሰላችሁ። ከእነሱ ውስጥ በሰዓቱ የሚቀይሩ አሉ። ታዲያ ምን ገደለው? ጉድለት። ያረጀ ዘይት ሞተሩን ቀስ ብሎ ይበላዋል፤ የጎደለ ዘይት ግን አንድ ዳገት ላይ ይጨርሰዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ትንሽ ያረጀ ሞተር በየ500 ኪሎ ሜትሩ 100 ሚሊ ሊትር በላ እንበል። አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም፤ ጭሱም ዓይን አይገባም። 2,000 ላይ ስትደርሱ 400 ሚሊ ሊትር የለም። ከአንድ ሊትር ላይ! የቀረው 600 ሚሊ ሊትር ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ ከሆሳዕና ዱራሜ መሀል የሆነ ዳገት ላይ ፒስተኑ ይነክሳል። ሰውየው መጥቶ ይምላል፦ «በሰዓቱ ነው የቀየርኩት!» እውነቱን ነው። በሰዓቱ ቀይሯል። በመሀል አላየም።

ማየትም ዘዴ አለው። ሞተር ሳይክሉን በጎን መቆሚያው አጋድማችሁ ካያችሁ ዘይቱ ይዋሻችኋል። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጉት። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉና ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቁ። የመስታወት መስኮት ካለው በሁለቱ ምልክቶች መሀል ይሁን። መለኪያ ዘንግ ካለው ጥረጉና ንከሩ፤ በብዙ ሞዴሎች ዘንጉ ሳይጠመዘዝ ጫፉ ላይ አርፎ ነው የሚለካው፣ የእናንተን ከመጽሐፉ እዩ። ከጎደለ ሙሉ። ከልክ በላይ ግን አትሙሉ፤ ትርፉ በመተንፈሻው አድርጎ የአየር ፊልትሮውን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ማን ያደርጋል? እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ነገር የሚጀምረው።

ሐዲያና ከምባታ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ወንድም ከዚያ ብር ይልካል፣ አፓቼ ወይም ቦክሰር ይገዛል፣ ታናሹ ይነዳል። ባለቤቱ ጆሃንስበርግ፣ ሞተሩ ሾኔ። ማታ ስልክ ይደወላል፦ «ዘይት ተቀየረ ወይ?» «ተቀይሯል ጋሼ፣ ደረሰኙን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።» ደረሰኙ እውነተኛ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። አንድ ሊትር ይላል። ሞተሩ ውስጥ የገባው ግን አንዳንዴ ግማሽ ነው፤ ከአሮጌው ላይ ተጨምሮ። የቀረው ግማሽ ለጓደኛ ይሸጣል፣ ምሳ ይሆናል። የቀን ሒሳብ የሚያስገባ ሞተረኛም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ የእሱ አይደለም፣ የዛሬው ገቢ ግን የእሱ ነው። አልፈርድበትም። ነገር ግን ባለቤት ከሆናችሁ ደረሰኝ አትጠይቁ። መለኪያ ዘንጉን በቪዲዮ ጠይቁ። ደረሰኝ ዘይት አያሳይም።

የመሥሪያ ቤት ሞተር ደግሞ በሽታው ሌላ ነው። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት፣ ቢሮ አላት፣ ቢሮ ካለ የቆመ ሞተር አለ። ኪሎ ሜትሩ ስላልሞላ ዘይቱ አይቀየርም፤ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ቆሞ እርጥበት ይጠጣል። የዘይት መሙያ ክዳኑን ስትከፍቱ ሥሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃ ገብቶበታል፤ ያኔ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፣ ዛሬውኑ ቀይሩ። የቆየውን ያማሃ ኤጂ 100 ወይም ባለ ሁለት ምቱን ዲቲ 125 ለሚነዱ ደግሞ አንድ ቃል፦ የእናንተ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ነው፣ የማርሹ ዘይት ለብቻው ነው። እስካሁን ያልኩት የሌሎቹ ነው።

ወደ ጋራዥ እንመለስ። ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ። ለምን? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ የቸኮለ መካኒክ ደግሞ ሳያፈስ ይሞላል። በቀዝቃዛው ይፈታል፣ ወፍራሙ ዘይት ከነዝቃጩ ታች ተኝቶ ይቀራል፣ በላዩ ላይ አዲሱ ይጨመራል። ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይፍሰስ። ወንፊቱም ወጥቶ ይታጠብ። «ላጥብልህ» ብሎ ሞተሩ ውስጥ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ሊጨምር ሲነሣ እጁን ያዙት፤ ውስጥ የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ገና ከመነሻው ያቀጥነዋል። የማፍሰሻው ቡሎን ደግሞ የሚገባው አሉሚኒየም ውስጥ ነው። በረጅም ቁልፍ ተጠምዝዞ ጥርሱ ከተበላ መድረሻችሁ ቶርኖ ቤት ነው። አዲስ ራንዴላ፣ ልከኛ ጉልበት፣ በቃ።

«ጠቆረ፣ ይቀየር» የሚላችሁንም አትስሙ። ጥሩ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን ከግድግዳው እያጠበ ይዞ መሸከም ሥራው ነውና። መጥቆር ብቻውን ጥፋት አይደለም። የቤንዚን ሽታ፣ በጣት መሀል ውሃ ውሃ ማለት፣ በብርሃን የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ፣ እነዚህ ናቸው ጥፋቶቹ።

አሮጌ ሞተር ልትገዙ ነው? ይህቺን በነጻ ውሰዷት። አንዳንድ ደላላ ሊሸጠው ሲል መጥቶ ከሁሉ ወፍራሙን ዘይት ይጠይቀኛል። ወፍራም ዘይት ያለቀ ሞተርን ድምፅ ያፍናል፣ ጭሱንም ለጥቂት ቀን ይደብቃል። ስለዚህ ሳትጠሩ በጠዋት ሂዱ። ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቅ ካለ ቀድመው አስነሥተውታል። ቀዝቃዛውን ራሳችሁ አስነሡ፣ ጋዝ ስጡና ከማርሚታው የሚወጣውን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። በብርድ ለትንሽ ጊዜ የሚታይ ስስ ነጭ እንፋሎት ግን አያስፈራም።

የፈሰሰው አሮጌ ዘይትስ? ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀባበት አለ። የሚያሳዝነኝ ቦይ ውስጥ የሚደፋው ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እንደሚለው አንድ እጅ የተቃጠለ ዘይት ሚሊዮን እጅ ንጹሕ ውሃ ያበላሻል። የእኛ ቦይ መጨረሻው ወንዝ ነው፤ ከዚያ ወንዝ ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። በጀሪካን አጠራቅሙ፣ ጋራዥ መልሱ።

በሉ፣ ቁጥሩን ልስጣችሁና ልሂድ። ሞተሩ አዲስ ከሆነ ወይም ገና ወርዶ ከታደሰ የመጀመሪያው ቅያሪ 500 ላይ ይሁን። ሰውና ጭነት የሚያመላልስ፣ ዳገትና አቧራ የሚውል ሞተር ከሆነ፣ ዘይቱ የታሸገና ትክክለኛው እስከሆነ ድረስ፣ ከ1,500 እስከ 2,000። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሞተረኛ ይህ በየ15 ወይም በየ20 ቀኑ ማለት ነው። ለብቻው አስፋልት ላይ የሚነዳ የግል ሞተር መጽሐፉ እስከፈቀደ ድረስ እስከ 3,000 ይችላል። የሚቆም ሞተር በየ6 ወሩ። ከበርሜል የተቀዳ ከሆነ ግን ያው 1,000፤ ከዚያ አትለፉ። ሁሉም ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ የሚሠራው ሞተር በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ፣ ልኩ ይታይ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሞተር አውርዶ ፒስተን፣ ፋሻና ሲሊንደር ለመቀየር የሚወጣው ብር የብዙ ወር ዘይት ይገዛል፤ ጋራዥ ቆሞ የሚቀረው ገቢ ሳይቆጠር። ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ዘይቱን እዩት። ከጎደለ ኑ፣ የታሸገውን እሸጥላችኋለሁ።